ሙክት ይዤ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ

ሐሙስ

ከእኛ ጅሩ፣ ከእነዋሪ ደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም ይላሉ። ለለመደው ሰው ይሆናል። እኔ መንገድ ልወጣ ስል ከዋዜማው ጀምሮ ዕቃ እሰበስባለሁ። ጋቢ፣ ትርፍ ጋቢ፣ ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ለሚያስመልሰው ሰው ደግሞ ፌስታል ያዝኩ። ፌስታሉ ለራሴ አይደለም፤ አጠገቤ ለሚቀመጠው ነው። የቤቱን ቁልፍ ለአንዷ ጎረቤቴ ሰጠሁ፤ ለሌላዋ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነገርኳት። ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሙክት ነበረኝ። ያን ሙክት ክረምቱን ሙሉ ባቄላ እያበላሁ ያደለብኩት እኔው ነኝ።

የሄድኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ልጄ ሰናይት ደብረ ብርሃን በሚገኝ የመንግሥት ሬዲዮ ጋዜጠኛ ናት። ማታ ማታ ዜና ታነባለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ሬዲዮው ነን። የዜናውን ነገር ብዙም አልከታተልም፤ የምሰማው ድምፅዋን ነው። ምሳ ሳትበላ የዋለች ቀን የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይወድቅባታል። ያለ ሹራብ የወጣች ቀን ገና "ጤና ይስጥልኝ" ስትል ይገባኛል። ዜናው ሲያልቅ፣ ደህና ናት ብዬ እተኛለሁ።

ማክሰኞ ደወለችልኝ። "እማዬ፣ እንዳትደነግጪ" አለች። በዚህ የሚጀምር ስልክ ደግ ነገር አምጥቶልኝ አያውቅም። ለካ መልቀቂያ ካስገባች ወር ሊሞላት ነው። ሰኞ ያበቃል። አዲስ የተከፈተ የግል ሬዲዮ የተሻለ ደሞዝ አቅርቦላታል። "እስከ ሰኞ ካልሳብኩት በቃ ወጣሁ" አለችኝ። እኔ ከሁሉም የያዝኩት "ካልሳብኩት" የሚለውን ብቻ ነው።

ያ የግል ሬዲዮ እኛ አገር አይደርስም። ማስታወቂያ የሚያስነግሩት ሱቆች እስካሉበት ነው የሚሰማው ይባላል። የመንግሥቱ ግን ሰሚ ኖረም አልኖረም እስከ ገደል ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ሰናይት ወደ ግሉ ከሄደች እኔ ማታ ማታ የምሰማው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የተናገርኩት "የግል ሥራ ዋስትና የለውም" ብዬ ነው። ጎረቤቶቼ "ከመንግሥት ልትወጣ ነው" የሚለውን ሲሰሙ ቂጣ ይዘው መጡና ሰው እንደሞተበት ቤት ዝም ብለው ተቀመጡ። አንዷ ብቻ "ምን አጥፍታ ነው?" አለች ቀስ ብላ።

እኛ ጋ ልጁን የሚያስተዳድርለትን ሰው ባዶ እጁን የሚያይ የለም። ሙክቱን ለአለቃዋ ሰጥቼ፣ ለምኖ እንዲያስቀርልኝ አሰብኩ። ለሰናይት "ለአንድ ዘመድ ነው" አልኳት።

መኪናው ከመነሣቱ በፊት ጎማዎቹን በእግሬ ነካ ነካ አደረግኩ። ሾፌሩ አየኝና "እናቴ፣ አራቱም አሉ" አለኝ። ረዳቱ ሙክቱን ከጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ አሰረው። ይበርደዋል ብዬ ትርፉን ጋቢ ጣል አደረግኩበት።

አጠገቤ የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ "ደብረ ብርሃን በግ ይዘው ነው የሚሄዱት?" አለችኝ። "ባሕር ዳር ዓሣ እንደ መውሰድ እኮ ነው።"

"የደብረ ብርሃን በግ ጠጉር ነው፤ ይሄ ሥጋ ነው" አልኳት። ከዚያ በኋላ ተግባባን።

ሾፌሩ የመንግሥቱን ሬዲዮ ከፈተ። ስብሰባ ነበር። "የተገኙ ውጤቶችን አጠናክሮ ማስቀጠል እንደሚገባ ተገለጸ" አለ።

ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ "ማን ገለጸው?" አሉ።

"ተገለጸ ብቻ ነው የሚሉት አባባ። ገላጩን አይነግሩንም" አለ ረዳቱ።

ደነባን አልፈን ወደ ደብረ ብርሃን ስንቃረብ ሾፌሩ ጣቢያ ለወጠ። የፍራሽ ማስታወቂያ በዘፈን መጣ፤ ቀጥሎ ዜና ተባለ። ዜናው ከፍራሹ አጠረ።

"ይሄ ይሻላል" አለች ነጋዴዋ። "ቢያንስ የሚሸጠውን ይናገራል።"

"ያኛውም ይሸጣል" አሉ ሽማግሌው። "ዕቃውን ነው የማያሳይሽ።"

ደብረ ብርሃን ብርዱ ከእኛው የባሰ ነው። የእኛ ብርድ ሜዳ ለሜዳ ይመጣና ያልፋል፤ የደብረ ብርሃን ቤት ድረስ ተከትሎ ይገባል። ሰናይት በተከራየችበት ግቢ ሙክቱን አስሬ ገባሁ። ፓስታ በእንጀራ አቀረበችልኝ። ልጄ ብቻዋን ስትሆን የምትበላው ይህን መሆኑን ሳይ አዘንኩ፤ ግን ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። እኛ ስንበላ ሙክቱ ገመዱን በጥሶ የባለቤቲቱን የጎመን መደብ ጨርሶ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ሴትዮዋ ሳቀች። "የእንግዳ እንግዳ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለችና የቀረውን ጎመን ቆርጣ ጨመረችለት።

ዓርብ

ሰናይት ለዘገባ ማልዳ ወጣች። እኔም ሙክቴን እየሳብኩ ወጣሁ። በየመንገዱ ዋጋ የማይጠይቀኝ የለም። እኛ አገር ሰው በግ ይዞ ሲሄድ "ወዴት ነው?" ይባላል፤ እዚህ "ስንት ነው?"

የሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ። "ምን ፈልገው ነው?"

"ኃላፊውን ነበር።"

"በጉስ?"

"እሱም ኃላፊውን።"

ጥበቃው በሩ ላይ ወደ ተለጠፈው ጽሑፍ ጠቆመኝ። ጉቦ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ነው ይላል።

"ይሄ ጉቦ አይደለም። ሙክት ነው" አልኩት።

"ሙክት መሆኑንማ አየሁ" አለ።

ግን ደግ ሰው ነበር፤ የሰናይት እናት መሆኔን ስነግረው የራሱን ወንበር ሰጥቶኝ ደወለ። ኃላፊው ራሱ ወጥቶ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። እኔን በሁለት እጁ ጨብጦ ሙክቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "እናቴ፣ እባክዎን ከካሜራው ዞር ያድርጉልኝ" አለ። ከአጥሩ ጥግ ሄደን ሙክቱን መሐል አድርገን ተነጋገርን።

"ልጄን ያስቀሩልኝ" አልኩት። "ይለምኗት። ትንሽ ነገርም ይጨምሩላት።"

"ሰናይት ጎበዝ ልጅ ናት" አለ። "ደሞዝ የምጨምረው ግን እኔ አይደለሁም። የተወሰነ ነው፤ የእኔም እንደዚያው። እስከ ሰኞ ጠዋት ማመልከቻዋን ከሳበች ግን ወንበሯ ይጠብቃታል።"

አመሰገንኩት። ገመዱን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ወደ በሩ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናቴ፣ እዚያ የግሉ ጋ ሌላ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ሰምተዋል?" አለኝ።

"እጠይቅልዎታለሁ" አልኩት።

ጥበቃው ለሰናይትም ደውሎ ኖሮ ወደ በሩ ስመለስ ቆማ አገኘኋት። ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "እማዬ፣ በበግ ልታስቀጥሪኝ?"

"ላስቀርሽ እንጂ።"

"እንግዲያው የምሄድበትንም እይው" አለችና ገመዱን ያዘች።

የግሉ ሬዲዮ ከአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጥበቃ የለውም። ሙክቱ ደረጃ አይቶ ስለማያውቅ ከኋላ እየገፋሁት ወጣን። ባለቤቱ ኢዮብ የሚባል ወጣት ነው፤ አንዴ ሰው እያነጋገረ፣ አንዴ ስልክ እያነሣ፣ አንዴ ገመድ እየሰካ ይሮጣል። እኛን ሲያይ "የሰናይት እናት! ማዘር፣ ምነው ተቸገሩ!" አለና ከእጄ ላይ ገመዱን ተቀበለኝ።

እዚህ ላይ ነው የሆነው። ሰው በደስታ እጁን ዘርግቶ ሲቀበል "ላንተ አይደለም" የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም። አፌ ሊናገር ፈለገ፤ እጄ ለቀቀለት።

ኢዮብ ሙክቱን ከጄኔሬተሩ ጋር አስሮ ወደ ስቱዲዮው ሮጠ። እኔ በመስተዋት ውስጥ አየዋለሁ፤ ድምፁ ከኮሪደሩ ሬዲዮ ይመጣል። "ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬውን ዝግጅት ስፖንሰር ያደረጉልን ከጅሩ ድረስ የመጡት እማማ የሺ ናቸው። የጅሩ ሙክት፣ ሌላ ሙክት ለምኔ! ልጃቸውን ሰናይትን ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ ትሰሟታላችሁ።" ይህን ሲል ሙክቱ ከጄኔሬተሩ ሥር ጮኸ። ያም አብሮ ተላለፈ።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ሰዎች ስንት ሙክት እንዳለኝ ይጠይቁ ነበር።

ሰናይት ትከሻዬን ያዘችኝ። "ልታስቀሪኝ መጥተሽ አስረከብሽኝ" አለች።

ለኢዮብ ዛሬ ዓርብ ስለሆነ እንዳያርደው ብቻ ነገርኩት። "እሑድ ነው፣ ማዘር። እርስዎም ይመጣሉ" አለ። በደጉ ቀን ባየው ኖሮ እወደው ነበር።

ቅዳሜ

ሰናይት ለመንግሥቱ የመጨረሻ ዘገባ ልትሠራ አንኮበር ትሄድ ነበር። የባለቤቴ እኅት እትዬ አስካለም እዚያው ናቸው። ብቻዋን እንዳልሰዳት አብሬ ሄድኩ። ማመልከቻው የሚሳበው እስከ ሰኞ ጠዋት ስለሆነ በመንገድ ላይ እለምናታለሁም ብዬ ነበር። ግን አንኮበር መንገድ ላይ ሰው አይለምንም፤ ይጸልያል እንጂ።

የእኛ አገር ጠፍጣፋ ነው። በሬው ሲያርስ የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው። አንኮበር በሬው የሚያየው ቁልቁል ነው። እርሻው ተንጠልጥሏል፤ ቤቱም ተንጠልጥሏል። ከታች አፋር ነው አሉኝ፤ እኔ የማየው ደመና ብቻ ነበር፤ እሱም ከእኛ በታች ነው። አንድ ድስት ከእጅ ቢያመልጥ የት ሄዶ እንደሚቆም አሰብኩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሰናይት "እይ፣ እይ" ትላለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሾፌሩ ዓይኑን እንዳይጨፍን እለምናለሁ።

እትዬ አስካለና ባላቸው መሪጌታ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ዝናችን ቀድሞን ደርሷል። ቤታቸው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ የግሉም ሬዲዮ ይሰማል። "የሙክቷ እመቤት መጣች" አሉ መሪጌታ። ጎረቤቶች በሙሉ እኔን አይተው ሙክቱን ፈለጉ።

እትዬ አስካለ አስቀምጠውኝ ጫማዬን አወለቁልኝና እግሬን ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። በዕድሜ ይበልጡኛል። "ኧረ እትዬ፣ አይሆንም" አልኩ፤ አልሰሙኝም። ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል። ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ። ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ፣ በጀርባቸው። ቁልቁለቱን አሳዩኝ። እኔ ባዶ እጄን የማልወርደውን እሳቸው እንስራ አዝለው ይወጡታል። ግቢያቸው በር ላይ ደግሞ አዲስ የውሃ ቦኖ ቆሟል፤ በሲሚንቶ ተሠርቶ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል።

"እሱስ?" አልኩ።

"የተመረቀ ቀን ሪባን ቆረጡ፣ ውሃው ወረደ፣ አጨበጨብን" አሉ መሪጌታ። "እንግዶቹ ሄዱ። ውሃውም ሸኛቸው መሰለኝ፣ አልተመለሰም።"

"በሬዲዮ ግን እስካሁን ይወርዳል" አሉ እትዬ አስካለ እግሬን እያደረቁ። "ባለፈው ሳምንት እንኳ ሰማሁት። የአካባቢው ኅብረተሰብ ተጠቃሚ ሆኗል አለ። ያን ጊዜ እንስራዬን አዝዬ ነበር።"

ሰናይት ቀላች። መቅረጫዋን አውጥታ ሁሉንም ቀዳች፤ ቦኖውን ከፍታ የሚወጣውን ፉጨት ጭምር። ከዚያ ደጅ ቆማ ወደ ኃላፊዋ ደወለች፤ እኔም አጠገቧ ነኝ።

"ውሃው የለም አትበይ" አላት። "ለዘላቂ ጥቅም ጥገና እንደሚያስፈልገው ተገለጸ በይ። ለዚያውም ከወረዳው ማረጋገጫ ሲመጣ።"

"መቼ ይመጣል?"

"እሱ አልተገለጸልኝም።"

ወደ ኢዮብ ደወለች። ኢዮብ ደስ አለው፤ "ይሄማ ዜና ነው!" አለ። ቀጥሎ "ማን ነው የሠራው?" ሲል ጠየቀ። የሠራውን ሰው ስም ስትነግረው፣ "ሰኒ፣ እሱ ሰውዬ የሰኞ ስፖንሰራችን ነው። የማክሰኞም" አለ።

ሰናይት ስልኩን ኪሷ ከታ ገደሉን አየች። እኔ ራቅ እንድትል ቀሚሷን ያዝኩ። መሪጌታ ከኋላችን ሆነው "አንደኛው ምን አለ?" አሉ። "ፈራ" አለች። "ሁለተኛውስ?" "በልቷል።"

ማታ ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤ፣ አሬራ፣ ከዚያ ደግሞ ዶሮ ቀረበ። እትዬ አስካለ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልን። ጠዋት ፊታችንን የምንታጠብበት ውሃ ሞልቶ በራፉ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እኔ በእፍኝ ብቻ ነካ ነካ አድርጌ መለስኩት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ተመለስን። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ ሳሳልፍ የእግሬ ነገር አልለቀቀኝም። የታጠብኩት በእትዬ አስካለ ጀርባ ነው። ደብረ ብርሃን እንደደረስን "ወደ ኢዮብ እንሂድ" አልኳት።

ሙክቱ ገና አልታረደም፤ ቢላው ግን ተስሏል። ሠራተኞቹ ደረጃው ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ።

"አቶ ኢዮብ" አልኩት። "እኔ ዓርብ ዕለት ስፖንሰር ነሽ ተብያለሁ።"

"እንዴታ፣ ማዘር።"

"ስፖንሰር ይናገራል ወይስ ሙክቱን ሰጥቶ ዝም ነው?"

"ይናገራል። ስለ ሙክቶቹ እንቀርጽልዎታለን።"

"ሙክት አልሸጥም። የማስነግረው የአንኮበሩን ቦኖ ነው።"

ኢዮብ ሰናይትን አየ፤ ሰናይት ጣሪያውን አየች። "ማዘር፣ ሰውዬው…" አለ።

"አንተ ስለ ሰውዬው ምንም አትበል። እኔ የምለውን አስነግር። ካልሆነ ገመዱን መልስልኝ።"

ደረጃው ላይ ያሉት ሠራተኞች ወደ ሙክቱ ተጠጉ። ኢዮብ ራሱን አከከ። "ማስታወቂያ ከሆነ እኮ ኃላፊነቱ የአስነጋሪው ነው" አለ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ፊቱ በራ። "ሰውዬውም ከተናደደ የመልስ ማስታወቂያ ይገዛል!"

እንዲህ ሆኖ ተነገረ። መጀመሪያ የፍራሹ ዓይነት ዘፈን ገባ። ቀጥሎ ኢዮብ በዚያ በማስታወቂያ ድምፁ "አንኮበር አዲስ ቦኖ አለ! ውብ ነው! ሰማያዊ ነው! ውሃ ግን የለውም!" አለ። የእትዬ አስካለ ድምፅ ከቀረጻው ተከተለ፤ "እንስራዬን አዝዬ ነበር" የሚሉት። የቦኖው ፉጨት መጣ። መጨረሻ ላይ "ይህን መልእክት ያቀረቡላችሁ እማማ የሺ ናቸው" ተባለ። ይዘው የሚወስዱኝ መስሎኝ በሩን በሩን አያለሁ። ሠራተኞቹ ግን አጨበጨቡና ሙክቱን ይዘው ወረዱ።

ከራሴ ሙክት ጥብስ በላሁ። ጥሩ ነበር። አሳዘነኝም።

ማታ ቤት ስንገባ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅኳት። "ነገ ትስቢዋለሽ?"

"እማዬ፣ እዚያ ለመናገር ፈቃድ ይፈልጋል" አለች። "እዚህ በግ ይፈልጋል። እኔ ፈቃድ ስጠብቅ ዓመታት ሄዱብኝ። በግ ግን ይገኛል።"

ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ፤ የግሉ ሬዲዮ እነዋሪ እንደማይሰማ፣ ማታ ማታ የምሰማው ዜናውን እንዳልሆነ። "በየቀኑ እደውልልሻለሁ" አለች።

"ስልክ ላይ ትዋሺኛለሽ" አልኳት። "ሬዲዮ ላይ እኔን ስለማታወሪ አትዋሺም።"

እጄን ያዘችኝ። ሂጂም አላልኩም፣ ቅሪም አላልኩም። ሹራቧን ግን ለነገ አውጥቼ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩት።

ሰኞ

መናኸሪያ ሸኝታኝ ወደ አዲሱ ሥራዋ ሄደች። ማመልከቻው አልተሳበም። ባለ ጎመኗ ሴትዮ ትኩስ ዳቦ በፌስታል አስይዛኛለች። የወሰደን ያው የሐሙሱ ሾፌር ነው። "ሙክቱስ?" አለኝ። "ተናገረ" አልኩት።

የግሉን ሬዲዮ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ከከተማው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ሰናይት መጣች። "ጤና ይስጥልኝ" አለች። ሹራቡን ለብሳዋለች። ገና ሁለት ዜና ሳታነብ ሬዲዮው መንጫጫት ጀመረ።

"ከዚህ ሜዳ ወዲያ የለም፣ እናቴ" አለ ሾፌሩ።

"ልጄ ናት" አልኩት። "እስክትጨርስ ቁም።"

ከኋላ አንዱ "ገበያ ይረፍድብናል" አለ። ረዳቱ "ጎማ እንይ" ብሎ ወረደ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። አራቱም ጎማ ደህና እንደሆነ ሁሉም ያያል። ግን አንድ ሁለት እያሉ ወርደው ሲጋራ የሚያጨሰው አጨሰ፣ ቆሎዬን ለጠየቀኝ ሰጠሁ። ሰናይት አነበበች። ስለ ቦኖው ስትደርስ የወረዳው ሰዎች ዛሬ ጠዋት ቧንቧ ጭነው ወደ አንኮበር ወጡ አለች። ማን እንደላካቸው፣ መኪናውን ማን እንደሚነዳ፣ በስም ተናገረች። ድምፅዋ አልወደቀም። ስትጨርስ የፍራሹ ዘፈን ገባ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

ትንሽ እንደሄድን ድምፁ ጠፋ። ሾፌሩ ወደ መንግሥቱ መለሰው። ስብሰባ ነበር። የሚያነበው የማላውቀው ወጣት ነው፤ በሰናይት ቦታ የገባ መሆን አለበት። "ተገለጸ" ሲል ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የመጀመሪያ ቀኑ ይመስለኛል። ሾፌሩ ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

"ተወው" አልኩት። "ልጁ ቁርስ አልበላም። እናቱ ትሰማው ይሆናል።"